ምሰሶው ሥር

ከነገሌ ወደ ዋደራ የሚሄደው የስልክ ሽቦ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ይበጠሳል። ሽቦ ቀጣዩ ፈቀደ ደግሞ ፒንሳውንና ገመዱን ይዞ፣ በተገኘው መኪና ተሳፍሮ ይሄዳል።

ጡረታው ቀርቧል፤ ጉልበቱም ከድቶታል። ያስመረረው ግን ምሰሶ መውጣቱ አይደለም፤ ታች የሚጠብቀው ሽማግሌ ነው።

ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን የሚኖረው ዳባሶ ፈቀደን ባየ ቁጥር ወተት ይዞ ይመጣል። የሱ ልጅ ሁቃና የፈቀደ ልጅ ደምሰው በአንድ ቀን ታፍሰው፣ በአንድ መኪና ተጭነው ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ሄደዋል።

ከወር በፊት የቀበሌው ሊቀመንበር ፈቀደን አስጠራው።

«ሁቃ ተሰውቷል። በደጃፉ የምታልፈው አንተ ነህ፤ ለአባቱ ንገር።»

ማዘዝ ቀላል ነው። መርዶ ግን በማለዳ፣ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ የሚነገር ነገር ነው። አንድ ሰው ብቻውን ምሰሶ ሥር ቆሞ አይናገረውም። ፈቀደ ይህን ሰበብ ታቅፎ ወሩን ገፋው።

ዛሬም ዳባሶ መጣ። ትከሻው ላይ የወታደር ብርድ ልብስ ጣል አድርጓል። ነገሌ የጦር ሰፈር ያለባት ከተማ ናት፤ እንዲህ ያለው ልብስ በገበያዋ ሞልቷል።

«አካም፣ ፈቀደ? ናጋ?»

«ናጋ ነው፣ አባ ሁቃ። አንቱስ?»

«ደምሰው ደህና ነው?» እንደ ወትሮው አስቀድሞ የጠየቀው የፈቀደን ልጅ ነው።

«ደህና ነው።» ከጥምቀት ወዲህ ደብዳቤ አልመጣም። ፈቀደ ደብዳቤው የዘገየው በመንገዱ ነው እያለ ያሳብባል።

«ሁቃስ? በሽቦህ ጠይቅልኝ እስቲ።»

ፈቀደ እያቃሰተ ወጣ። ሽቦውን ቀጠለና መሞከሪያ ስልኩን አገናኝቶ እጀታውን አዞረ። የስልኩ ባትሪ ድንጋይ ካለቀ ሰንብቷል፤ ምትክ ስጡኝ ቢል የሚሰማው አላገኘም። ባዶውን ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፎ «ሄሎ! ሄሎ!» እያለ ጮኸ። በራሱ አፈረ።

«ደህና ነው አሉ!» አለ ወደ ታች። «ሁለቱም አንድ ላይ ናቸው!»

ሽማግሌው አንጋጦ ሲያየው ቆየ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ፈቀደ የደስታ እንባ መሰለው።

ሲወርድ ዳባሶ ወተቱን ሰጠው። ጥቂት ጠጥቶ ሊመልስለት ሲል፣

«ጨርሰው፤ ለቤት አስቀርቻለሁ» አለው።

ፈቀደ ጨረሰው። መንገድ ዳር ተቀምጦ መኪና እየጠበቀ፣ «በሚቀጥለው እነግረዋለሁ» አለ ለራሱ። ባለፈውም እንዲሁ ብሎ ነበር።

ዳባሶ ጎጆው ሲደርስ ግራ ቀኙን አይቶ ገባ። መዝጊያውን ዘጋ። ከጦር ግንባር ጠፍቶ መጥቶ ከቁርበቱ መጋረጃ ጀርባ ለተደበቀው ወጣት ብርድ ልብሱን መለሰለትና አጠገቡ ተቀመጠ።

«ሁቃ፣ ሰውዬው ዛሬም ከልጁ ጋር አንድ ላይ ናችሁ አለኝ፤ ደምሰውን በገዛ እጅህ መቅበርህን በየትኛው አፌ ልንገረው?»