ስምንተኛው መስመር

በ2008 ዓ.ም. የዘር በሽታ ተመራማሪዋ የትናየት አምቢኮ ወደሚባል መንደር ወርዳ የአቶ ቢራራን ሰባት ልጆች ምራቅ ለዘረመል ምርመራ ሰበሰበች። በዚያ ቤት ዐይን የሚያጠፋ በሽታ በዘር ይወርዳል። ሁለቱ ታላላቆች ታውረዋል፤ አባትየው የቀሩትን ዕጣ ማወቅ ፈለጉ።

ውጤቱ ከላቦራቶሪ ሲላክላት ደባርቅ ቢሮዋ ተቀምጣ ፋይሉን የዘረመል መረጃ በሚያሳይ ድረ ገጽ ላይ ጫነች። ኔትወርኩ እየተንቀራፈፈ ገጹ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ መስመር አወጣ፤ ከጎኑም ስሙን። መስመሮቹ ግን ስምንት ሆኑ። የመጨረሻው «ስጦታ» ይላል።

ፋይሉን ከፍታ ስሞቹን ቆጠረች፤ ሰባት ናቸው። ከድረ ገጹ አጥፍታ እንደገና ጫነችው። አሁንም ስምንት። በሽታው በሰባቱም ላይ አለ፤ ስጦታ ብቻ ነፃ ናት።

አቶ ቢራራ ዘንድ ደወለች።

«አባባ፣ ስጦታ የምትባል ልጅ አለችዎት?»



«ማን ነገረሽ ልጄ? በተወለደች በሦስተኛው ቀን ነው የሞተችብን። ክርስትና እንኳ አልተነሳችም። ያንን ስም ከእኔና ከእናቷ በቀር የሰማ የለም።»

የትናየት ስክሪኑን ደግማ አየችው፤ መስመሩ እዚያው ነው።

«የእሷ ዐይን ጤነኛ ነው ይላል» አለች በመጨረሻ።

«እሱንስ እናውቃለን» አሉ አቶ ቢራራ በረጋ ድምፅ። «የታወሩትን ሁለት ወንድሞቿን እጃቸውን ይዛ ወንዝ የምታወርዳቸው እሷ አይደለችም እንዴ?»