በረኛው ራሱ ያስገባው ግብ

"አያ ካሣዬ! ዛሬ እንኳን እሷን እንዳያስገቧት... በማርያም!"

ሥራ አስኪያጃችን አንዱዓለም ነው። ከረቫቱን እያጠበቀ ወደ በሩ ይሮጣል።

እኔ የፋብሪካው ዘበኛ ነኝ። ሠራተኞቹ ግን "በረኛው" ይሉኛል።

ክር እየቀለምን ፎጣ የምንሠራ ነን። ከጎንደር ወጣ ብሎ፣ ወደ አምባ ጊዮርጊስ በሚወስደው መንገድ።

"እሷ" ያላት የትነበርሽን ነው።

ከፋብሪካው ሥር፣ ወንዙ ዳር፣ ጎመንና ሽንኩርት ታለማለች... ማለቴ፣ ታለማ ነበር።

እኛ ቀይ ክር ስናጥብ ወንዙ ቀይ ይወርዳል። ሰማያዊ ስናጥብ ሰማያዊ።

የሠፈሩ ሰው "ወንዙ ዛሬ ምን ለበሰ?" እያለ ይቀልዳል።

የትነበርሽ ግን አትስቅም። ጎመኗ ከሥሩ ይቃጠላል።

በየሳምንቱ ትመጣለች።

"አያ፣ አለቃውን ያገናኙኝ።"

"ስብሰባ ላይ ነው።"

እንዲህ በል ተብያለሁ... እላለሁ።

ድንጋዩ ላይ ትንሽ አረፍ ትላለች። ነጠላዋን ታራግፋለች። ትሄዳለች።

ዛሬ ግን ትልቅ ቀን ነው።

ከውጭ አገር ፎጣችንን ሊገዛ ያሰበ ድርጅት እንግዳ ልኳል። እንግዳዋ ካልወደደችው ገዢ የለም። ገዢ ከሌለ ሸማኔውም፣ ቀላሚውም፣ እኔም... ወደ ቤት።

በሩ ላይ ባለ ብዙ ቀለም ሸራ ተሰቅሏል። ፊደል አልቆጠርኩምና አንዱዓለምን ጠየቅሁት።

"ምን ይላል?"

"አሥራ ሰባት ግብ ነው አያ። ዓለም በሙሉ የተስማማበት። ድህነትን ማጥፋት፣ ጥሩ ሥራ፣ ንጹሕ ውሃ... እኛም ተቀብለናል ነው የሚለው።"

"አሥራ ሰባት ግብ?! ምነው... በረኛው ተኝቶ ነበር እንዴ?"

ከጭንቀቱ መሃል ሳቀ።

"ንጹሕ ውሃም አለበት?" አልኩት።

"ስድስተኛው ነው።"

ወደ ወንዙ አየሁ። እሱም አየ።

"አያ... ማጣሪያ ኩሬ ለመሥራት ዓመት ሙሉ ለፋሁ እኮ። ከፋብሪካው ዝቅ ያለ ቦታ ይፈልጋል። ግቢው አይበቃም። ቦታ ከየት ላምጣ? እስከዚያ ይህችን ቀን ብቻ ልለፋት።"

ክፉ ልጅ አይደለም። ፈርቶ ነው።

እንግዳዋ መጣች። አዜብ ትባላለች፤ የአገራችን ልጅ ናት። አንዱዓለም ግቢውን ሊያስጎበኛት ይዟት ዞረ።

ወዲያው ደግሞ... የትነበርሽ!

ዛሬ ባዶ እጇን አይደለችም። አንድ እቅፍ ሹል ሹል እንጨት ይዛለች።

ልትማታ ነው ብዬ ደነገጥኩ።

"የትነበርሽ፣ ዛሬስ አይሆንም። እንግዳ አለ።"

"እኔስ ምንድን ነኝ አያ? ሁሌ ከደጅ... እንግዳ መሆን እንኳ ይቅርብኝ?"

ቀና ብዬ ሸራውን አየሁ።

ስድስተኛው የቱ እንደሆነ አላውቅም። ውሃው የቱ እንደሆነ ግን አውቃለሁ።

በሩን ከፈትኩት።

"ግቢ።"

አንዱዓለም ከሩቅ አያት። ፊቱ አመድ መሰለ።

"አያ ካሣዬ! ምን አደረጉ?!"

"አሥራ ሰባት ግብ አልክ። ስድስተኛዋ በር ላይ ቆማ ነበር... አስገባሁ።"

አዜብ ወደ የትነበርሽ ጠጋ አለች።

"እናቴ፣ ምን ፈልገው ነው?"

አንዱዓለም ቀደማት። "ካሳ ነው... ካሳ ፈልገው ነው፣ እያሰብንበት ነው..."

"ካሳ? ካሳ ማን አለ?" አለች የትነበርሽ።

እንጨቶቹን ከፍ አደረገቻቸው። ሁላችንም ወደ ኋላ አልን።

መሬት ላይ ዘረገፈቻቸው።

ችካል ናቸው! መሬት የሚከለልበት ችካል።

"ሠራተኞቻችሁ ሲያወሩ ሰማሁ፤ የማጣሪያ ቦታ አጥታችኋል አሉ። ከፋብሪካው ሥር ያለው ማሳ የእኔ ነው። እንደሁ አሁን ምንም አያበቅል። ግማሹን ቆፍሩበት። ግማሹ ሄዶ ግማሹ ቢተርፈኝ ይሻለኛል። ከእኔ በታች ያለው ሰውና ከብትም ሸጋ ውሃ ይጠጣል። ችካሉን አምጥቻለሁ... ኑና አብረን እንምታው።"



አንዱዓለም ጎንበስ ብሎ አንዱን ችካል አነሣ።

"ታዲያ... ምነው እስከ ዛሬ ሳይነግሩኝ?"

የትነበርሽ አየችው።

"ስብሰባ ላይ ነበርክ።"

አዜብ አልሳቀችም። ወደ አንዱዓለም ዞረች።

"የወንዙን ነገር ልትደብቀኝ ነበር?"

"...አዎ።"

"ዛሬ አልፈርምም" አለችው። ልባችን ወደቀ። "ኩሬው ተሠርቶ ውሃው ሲጠራ ጥሩኝ። ያኔ እመጣለሁ።"

የመጀመሪያውን ችካል የመታው አንዱዓለም ነው... ከረቫቱን ትከሻው ላይ ወርውሮ።

መሬቱንም በነፃ አልወሰዱባትም። ከእሷ በውል ተከራዩት። ሠራተኛው በደቦ ወጥቶ ቆፈረ። ሸማኔ አካፋ ሲይዝ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የትነበርሽ ያን ዕለት ሳቀች።

አዜብም ቃሏን አላጠፈችም። መጣች። ወንዙ ዳር ወርዳ ውሃውን አየች። ፈረመች።

አሁን ቀይ ስናጥብም ሰማያዊ ስናጥብም... ወንዙ የውሃ ቀለም ነው።

የትነበርሽ ዛሬም በየሳምንቱ ትመጣለች። ጎመን ይዛ። አንዱዓለም ራሱ በር ድረስ ወጥቶ ይቀበላታል።

እኔ የተማርኩት ይህን ነው...

ግብ ሸራ ላይ ስለተጻፈ አይገባም። የሚገባው በበር ነው።

ያንን ሁሉ ጊዜ ሁላችንም ልትከሰን የመጣች መስሎን ነበር። ምን ይዘሽ መጣሽ ያላት ግን አልነበረም።

እስቲ እናንተስ... በመሥሪያ ቤታችሁ በር ላይ "ስብሰባ ላይ ናቸው" እየተባለች የምትመለስ የትነበርሽ የለችም? ምን እንደያዘች የጠየቃት አለ?

ጻፉልኝ... የሚያነብልኝ አላጣም።