የአቶ ግልምጫ ድንጋይ

«አትግቡ!» ያለውን ጩኸት ዝናቡ ዋጠው።

ድንጋዩ ቲቸር እግር ስር አርፎ ጭቃውን ቀሚሳቸው ላይ ረጨው...

ልብስ ሰፊዋ የችግኝ ሳጥኑን እንዳቀፈች ደርቃ ቀረች።

ሁለቱ ሴቶች የሰፈሩ አትክልት ቦታ በር ላይ ናቸው። ድሮ ቆሻሻ መጣያ ነበር። ሰፈርተኛው በፈቃዱ ተሰባስቦ ነው ያለማው...

በበጋ በተራ ውሃ ያጠጣሉ። ዝናብ ሲገባ ቦይ ይጠርጋሉ፣ ችግኝ ይተክላሉ። ሲያባራ ያርማሉ፣ ይገርዛሉ። አስተባባሪያቸው ቲቸር ናቸው... ጡረታ የወጡ፣ ምላሳቸው ግን ጡረታ ያልወጣ።

ያን ቀን ጠዋት የተከላ ቀን ነበር። ዝናቡ የቤቱን ሁሉ ቆርቆሮ እየደበደበ ነው። የሰው ድምፅ አያሰማም።

ድንጋይ የሚወረውረው ሰው በወዲያኛው ጫፍ፣ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሏል።

አቶ ግልምጫ!

ሰላም ሲሉት አይመልስም፣ ይገላምጣል። እውነተኛ ስሙን የሚያስታውስ ጠፍቶ ይኸው ቅጽል ቀረበት። በዚያ ላይ ጥጃ የሚያክል ጥቁር ውሻ አለው። ልብስ ሰፊዋን አንዴ አባሯት ጫማዋን ጥላለት ነው ያመለጠችው።

አሁን ያ ውሻ መሃል ሳሩ ውስጥ ተኝቷል...

«ቲቸር፣ በሞቴ እንመለስ። ውሻው አድፍጦ እየጠበቀን ነው!»

«ያድፍጣ! ስንቱን ጎረምሳ ቀጥ ያደረግኩ ሴትዮ ለውሻ ልሸነፍ?»

ሰውየው እንደ እብድ እጁን እያወናጨፈ ይጮሃል። ዝናቡ ቃሉን ይበላዋል።

«ምን እያለ ነው?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ይሳደባል እንጂ ምን ይላል!» ብለው ቲቸር ዶማቸውን አነሱ። አንድ እግራቸውን ወደ ውስጥ ሰነዘሩ...

ጧ!

ድንጋዩ ትከሻቸውን አገኛቸው። ወደ ኋላ ተዘርረው ወደቁ።

«ገደላቸው! ኧረ የሰው ያለህ!»

ልብስ ሰፊዋ ሳጥኑን ጥላ በብብታቸው ይዛ ጎተተቻቸው። ሌላ ድንጋይ በጆሮዋ ስር ሽው ሲል አለፈ...

ከማዶ ባለ ጋራዡ ብረት ይዞ እየሮጠ መጣ።

«ዛሬ ልኩን አሳየዋለሁ!» ብሎ በቀጥታ ወደ በሩ።

ልብስ ሰፊዋ ቀና ስትል አንድ ነገር አየች።

አቶ ግልምጫ ድንጋዩን ጥሏል። አጥሩ ላይ በደረቱ ተጋድሞ ሁለት እጁን አጣምሮ እየለመነ ነው...

«ሊመታን የፈለገ ሰው እንዴት ይለምናል?» አለች በሆዷ።

«ቆይ! አትግባ!» ብላ የባለ ጋራዡን ሸሚዝ በሁለት እጇ ጨመደደችው። ቁልፉ ተበጠሰ።

«ልቀቂኝ እንጂ!»

«አለቅህም!»

እየታገሉ ሳሉ ነፋሱ ከዛፉ ላይ አንድ ቅርንጫፍ ገንጥሎ ሳሩ ላይ ጣለው...

ሰማያዊ ብልጭታ! እንደ ጅራፍ ጮኸ። እርጥቡ ሳር ጨሰ።

ከበሩ እስከ ውሻው ድረስ፣ ረጅሙ ሳር ውስጥ የተበጠሰ የመብራት ሽቦ ተጋድሟል። ኤሌክትሪኩ አልተቋረጠም።

ባለ ጋራዡ የያዘውን ብረት አየው... ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው።

የመብራት ሠራተኞች ደረሱ። መስመሩን ካቋረጡ በኋላ አንደኛው ጠየቀ፦

«የደወለልን ማነው? ‹ውሻዬ ሞተ፣ አሁን ሰዎች ችግኝ ሊተክሉ ይመጣሉ፣ ድረሱ› እያለ ሲያለቅስ ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ ወደ ሳሩ ዞረች።

ውሻው አላደፈጠም...

አቶ ግልምጫ አጥሩን ዘሎ መጣና ውሻውን አቀፈው። በዝናብ የራሰ ትልቅ ሰው ተንሰቅስቆ አለቀሰ።

«ሚስቴ ከሞተች በኋላ የማወራው ከሱ ጋር ብቻ ነበር። ሽቦው እንዳለ እያወቅኩም ዘልዬ ላነሳው ስል... እናንተን በሩ ላይ አየኋችሁ። ዞሬ ልምጣ ብል መንገዱ ሩቅ ነው። ‹ሽቦ! ሽቦ!› ብል አልሰማ አላችሁኝ...»

ከዚያ ቲቸርን አያቸው። ክንዳቸው ተንጠልጥሏል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ቲቸር... ትከሻዎን...»

«ዝም በል!» አሉት እንባቸው እየወረደ። «ይቺን ትከሻ ባትመታት ኖሮ አሁን የምትደነግጠው ለሬሳዬ ነበር።»

ውሻውን ሁሉም አንድ ላይ ሆነው ቀበሩት። ጉድጓዱን የቆፈረው ባለ ጋራዡ ነው።

ወዳጆቼ... ፍርሃት ጆሮ ይደፍናል። ሰውየው «ሽቦ» እያለ ሲጮህ እነሱ የሰሙት ስድብ ነበር። ከመስማታቸው በፊት ፈርደውበታላ! ፊቱን አይተን በሰው ላይ አንፍረድ... የተቆጣ ሁሉ ጠላት አይደለም፣ የሳቀልን ሁሉም ወዳጅ አይደለም።

እናንተስ... ፈርታችሁት ስትሸሹት ኖራችሁ፣ በኋላ ግን ባለውለታችሁ ሆኖ የተገኘ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እስቲ ኮሜንት ላይ አጫውቱን...