ኋላ የቀረው

ለስደተኞች ገንዘብ ለማሰባሰብ በተዘጋጀው የእግር ጉዞ ላይ ልብስ ሰፊዋ ልጅ እናቷን ደግፋ ሦስተኛውን መታጠፊያ እንዳለፈች፣ አሮጊቷ ድንገት ቀጥ ብለው ቆሙ። መንገዱን የሞላው ሕዝብ ውሃውን አንጠልጥሎ፣ ሕፃናቱን ትከሻው ላይ አድርጎ እየተሳሳቀ ያልፋል። እናትየው ግን ሳቁን የሰሙት አይመስሉም።

«ይሄ ሁሉ ሰው ከየት ተፈናቅሎ ነው?»

«ማንም አልተፈናቀለም እማዬ። ለስደተኞች ነው የምንሄደው። ጠዋት ነግሬሽ የለ?»

«ወንድምሽስ?»

ልጅቱ ክው አለች። ከሃያ ዓመት በፊት ሲሰደዱ፣ እንዲህ ባለ ግርግር መሃል ወንድሟ ከእናቱ እጅ አምልጦ ቀረ። የአምስት ዓመት ልጅ ነበር፤ እስከ ዛሬ የበላው ጅብ አልጮኸም። «እማዬ፣ እሱ እኮ...» ብላ ጀመረችና አቋረጠችው። እናቷ መርሳት ከጀመሩ ወዲህ፣ በነገረቻቸው ቁጥር እንደ አዲስ መርዶ ነው የሚሰሙት። እሳቸው ግን ክንዳቸውን መንጭቀው ወደ መጡበት ዞሩ። የልጃቸውን የቁልምጫ ስም እየጠሩ፣ የሚያልፉትን ሕፃናት ፊት አንድ በአንድ ያዩ ጀመር። አንዱ አስተባባሪ «እናቴ፣ መንገዱ በዚህ ነው!» ብሎ በፈገግታ ወደፊት ጠቆማቸው።

ልጅቱ ሮጣ ደረሰችባቸው። ልትመልሳቸው እጃቸውን ያዘች፤ ግን አልሳበቻቸውም።

«ምን ለብሶ ነበር እማዬ?» አለች።

«ቀይ ሹራብ።»

ሕዝቡን በትከሻቸው እየገፉ፣ እናትና ልጅ ቀይ ሹራብ ፍለጋ ወደ ኋላ ሄዱ።