ሁለተኛው ብልቃጥ

ሱፍያን ጠጅ ቀርቶ ጠላ ቀምሶ አያውቅም። ደሙ ግን ጠጥቷል ተባለ።

ነገሩ የጀመረው በ2009 ክረምት፣ ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ባለ ጭቃ ቁልቁለት ላይ ነው። የሚነዳው አውቶቡስ ተንሸራቶ የአንድ ገበሬ በቅሎ ገጨ። በቅሎዋ ሞተች፤ ሰው አልተጎዳም። የአውቶቡስ ባለንብረቶች ማኅበር ግን በዚያው ዓመት አዲስ ደንብ አውጥቶ ነበር። አደጋ ያደረሰ ሾፌር ደሙ ይመረመራል፤ ጠጥቶ ከተገኘ ከማኅበሩ ይሰረዛል፣ መንጃ ፈቃዱም እንዲነጠቅ ይጻፍበታል።

አውቶቡሱን ሚስቱ ፋጢማ ናት የገዛችው፤ ጅዳ ሰባት ዓመት የሰው ቤት ጠርጋ። መንጃ ፈቃዱ ከሄደ ሰባቱም ዓመት አብሮ ሄደ ማለት ነው።

ነርሷ እንቁ ክንዱን በሳሙናና በውሃ አጥባ ደም ቀዳች። ምርመራው አዲስ አበባ ነው። ብልቃጡን የወሰደው የአይሱዙ ሾፌሩ አራጋው ሲሆን፣ በጥቁር ፌስታል ጠቅልሎ ጋቢናው ውስጥ፣ እንደ ምጣድ በሚግለው የሞተሩ ክዳን ላይ አስቀመጠው። መንገዱ በጭቃ ተይዞ አራት ቀን ፈጀበት።

ውጤቱ መጣ። አልኮል አለበት።

«ወላሂ ውሸት ነው!» አለ ሱፍያን የማኅበሩን ጠረጴዛ በመዳፉ መትቶ።

ሰብሳቢው አቶ ያለው መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ መሣሪያ አይዋሽም። ጥፋትህን እመንና ይቅርታ ጠይቅ። በስድስት ወር እገዳ እናልፍሃለን።»

«ያልጠጣሁትን ጠጣሁ ከምል ሞቼ እገኛለሁ!»

ከተማው ወሬ አይጠላም። አንዱ ሠርግ ቤት አየሁት አለ፤ ሌላው ብርሌ ጨመረበት፤ ሦስተኛው እኔው ነኝ የቀዳሁለት ሊል ምንም አልቀረው።

ፋጢማ አላለቀሰችም። «ጠጥተህ ከሆነ ለእኔ ንገረኝ» አለችው።

«አልጠጣሁም።»

«እንግዲያው ጥርስህን ነክሰህ ቁም።»

በማግስቱ ሱፍያን እየተንደረደረ ጤና ጣቢያ ሄደ። «ክንዴን በአልኮል ጠርገሽ ጉድ ሠራሽኝ!» ብሎ እንቁ ላይ ጮኸባት።

«ወዲያ! አልኮል ካለቀ ወር አልፎታል። በሳሙና ነው ያጠብኩህ። በሰው ስም አትጫወት!» ጮኸችበት እሷም። ከዚያ ደሙ በምን እንደተላከ፣ መንገድ ላይ ስንት ቀን እንደቆየ ጠየቀችውና በሩን ዘግተው ብዙ አወሩ። ሱፍያን ሲወጣ ፈገግ ብሎ ነበር። ከተማውን ያሳበደችው ያቺ ፈገግታ ናት።

በዚያው ሳምንት ማኅበሩ ፊት ቀረበ።

«ሌላ ብልቃጥ ደም ይላክ» አለ። «ነርሷም ያቺው፣ መኪናውም ያው፣ አራጋውም ያው፣ የሚቀመጥበትም ቦታ ያው ይሁን። ምንም እንዳይቀየር።»

አቶ ያለው ሳቁ። «አሁንማ ሳትጠጣ ነዋ የምትቀዳው! ንጹሕ ቢሆን በምን ያድንሃል?»

«አያድነኝም። አልኮል ከተገኘበት ግን መንጃ ፈቃዴን በገዛ እጄ አመጣላችኋለሁ። ምን ያስፈራችኋል?»

የሚያተርፍበት ነገር እንደሌለ ሁሉም አየ። ይህ ሰው ለይቶለታል ተባባሉና ፈቀዱለት።

የአረፋ ዕለት ጠዋት፣ ሰው ከሶላት እንደተመለሰ፣ እንቁ ቦርሳዋን አንግታ ሱፍያን ግቢ ገባች። የማኅበሩ ዘበኛ ያሲን ከማዶ ሆኖ ያያል። እንቁ ክርስቲያን ናት፤ የሙስሊም እርድ አትበላም። ታዲያ በአረፋ ምን ልትሠራ ገባች? ጥቂት ቆይታ ብልቃጡን ይዛ ወጣች። ሱፍያን በር ድረስ ሸኛት፤ ያሲን በአጠገቡ ስታልፍ ብልቃጡን አየው። ሱፍያን አዲስ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ እጅጌው እስከ አንጓው ተቆልፏል።

ያሲን ግቢው ገብቶ የበዓል ድርሻውን ጥሩ አድርጎ በላ፤ አፉን ጠርጎም ወደ አቶ ያለው ሮጠ። «ጋሼ፣ ከሱፍያን ክንድ አልቀዳችም! እጅጌው እንኳ አልተጠቀለለም! ብልቃጡም ላይ ስም የለም፤ ‹ቁጥር ሁለት› ብቻ ነው የሚለው!»

የማን ደም እንደሆነ ለመገመት ከተማው ጊዜ አልፈጀበትም። የፋጢማ አባት ሸህ ሙሐመድአሚን ለበዓሉ እዚያው ነበሩ። ሰኞና ሐሙስ የሚጾሙ፣ ከውሃና ከሻይ በቀር የማያውቁ ሰው ናቸው። ንጹሕ ደም ከአማቱ ተበደረ ተባለ።

«ይላክ» አሉ አቶ ያለው። «በኋላ እንይዘዋለን።»

አራጋው ብልቃጡን እዚያው የሞተሩ ክዳን ላይ አስቀምጦ ነዳ። አሁንም አራት ቀን ፈጀበት።

ውጤቱ መጣ። አልኮል አለበት፤ ያውም ከመጀመሪያው የበለጠ።

ከተማው በሳቅ ፈረሰ። «ሸሁም ለካ ይቀምሷታል!» አሉ ወጣቶቹ። ሸህ ሙሐመድአሚን ይህን የሰሙ ዕለት ከዘራቸውን አነሡ።

የውሳኔው ቀን የማኅበሩ አዳራሽ ሞላ። ፋጢማ ከፊት፣ እንቁ ከጎኗ ተቀመጡ። ሸሁ ከዘራቸውን ተደግፈው በር ላይ ቆሙ። ሱፍያን መንጃ ፈቃዱን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ እጁን ግን ከላዩ አላነሣም።

አቶ ያለው ወረቀቱን አነበቡ። «ሱፍያን፣ እውነቱን ተናገር። ይህ ደም ያንተ ነው?»

«አይደለም።»

አዳራሹ ተናወጠ። ያሲን «አላልኳችሁም!» እያለ ጮኸ።

«የኔም አይደለም!» አሉ ሸህ ሙሐመድአሚን በከዘራቸው ወለሉን መትተው። «ከኔ ጠብታ የወሰደ የለም! ላ ሐውለ ወላ ቁወተ!»

«ዝም በሉ! ዝም!» አቶ ያለው ብድግ አሉ። «መሣሪያው አልኮል አለበት ብሏል፤ መሣሪያ ደግሞ አይዋሽም። ታዲያ ይህ ሰካራም ማን ነው? ስሙን ጥራ!»

«ያሲን ያውቀዋል፤ ከሥጋው በልቷል» አለ ሱፍያን መንጃ ፈቃዱን መልሶ ኪሱ እየከተተ። «የአረፋው በግ ነው።»