የቀረው ወንድም

በወይዘሮ ካርሜላ አርባ ቀን ሰው ሁሉ መጣ፤ አንድ ሰው ቀረ። ኂሩትን ያንገበገባትም ይኸው ነው።

ለንደን፣ ዊልስደን ያለችው ጠባብ ቤት ሞልታ ጎረምሶቹ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ይበላሉ። ከሰቨን ሲስተርስ አውቶቡስ እየቀያየሩ የመጡ አሮጊቶች አሉ። ከአዲስ አበባ ግን፣ ከሟቿ ከገዛ ልጇ ከብዙነህ፣ አንዲት ቴሌግራም እንኳ የለችም።

«እናቱ የሞተችበትና እናቱ ገበያ የሄደችበት እኩል ያለቅሳሉ ይባላል» አለች ኂሩት ሳህን እያቀበለች። «የኔ ወንድም ግን ገበያ የሄደችም አልመሰለው!»

«ተይ ልጄ፣ አገሩ አገር መሰለሽ?» አሉ የእናቷ ወዳጅ ወይዘሮ አልታየሽ።

«እርስዎ ደግሞ ለሁሉም ምክንያት አያጡም፣ እትዬ!»

ካርሜላ ኒው ጀርሲ የተወለደች የጣልያን ልጅ ናት። አሜሪካ ሊማር የሄደውን ኢንጂነር ገብረመድኅንን አግብታ አዲስ አበባ ገባች፣ በዚያው ከረመች። የሰፈር ልጆች ስሟን «እማማ ከረሜላ» አደረጉት፤ እሷም ኪሷ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ፊደል የቆጠረችው ብዙነህ ሲቆጥር አብራው ተቀምጣ ነው። ልጁ አድጎ የአማርኛ አስተማሪ ሆነ። እናትየዋ ግን «ጠ» እና «ተ»፣ «ቀ» እና «ከ»፣ «ጨ» እና «ቸ» እስከ መጨረሻው እንደተምታቱባት ቀሩ። «ቴና ይስትልኝ» ስትል ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው እንኳ ፈገግ ይላል። ማቀዝቀዣው ላይ የለጠፈችውን የአስቤዛ ወረቀት ኂሩት ለማንሣት አልጨከነችም፤ ዛሬም «ከይ ሽንኩርት፣ ቸው፣ ትቁር ዳቦ» ይላል።

ባሏ ሞቶ፣ ደርግ መጥቶ፣ በ1970 ከተማው በየቀኑ ሬሳ ማንሣት ሲጀምር ካርሜላ ኂሩትን ይዛ ወጣች። ብዙነህ «ተማሪዎቼን ጥዬ የትም አልሄድም» አለ። እሷም ኒው ጀርሲ አልገባም አለች። ልጄ ሲወጣ ለንደን ትቀርበዋለች ነበር ምክንያቷ።

በዓመቱ ዘውዴ ከተፍ አለ። የብዙነህ አብሮ አደግ ነው፤ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ጭነት ያራግፋል፣ ኤምባሲ ደጅ አይጠፋም እየተባለም ይታማል። መጀመሪያ የመጣ ዕለት ከካርሜላ ጋር ኩሽና ገብተው በሩን ዘጉ። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ ሽንኩርት ስትከትፍ ነው የቆየችው። በሳምንቱ እሑድ «ደብዳቤ መታ!» አለች፣ መጣ ማለቷ ነው። በፖስታ ቢላክ ስለሚበረበር ዘውዴ በሰው እጅ እያስመጣ ያቀብላታል።

ከዚያ ወዲህ ለሰባት ዓመት ደብዳቤው አልተቋረጠም። ካርሜላ መነጽሯን አድርጋ፣ በዚያ በማይታጠፍ ምላሷ እየተንተባተበች ታነባለች፤ ኂሩት በሳቅ ትፈርሳለች። «እስቲ እኔ ላንብበው» ስትላት «አንቺ ታቆሽሺዋለሽ» ብላ ብስኩት ቆርቆሮዋ ውስጥ ትቆልፍበታለች። ቁልፉ ከመስቀሏ ጋር አንገቷ ላይ ነው።

ኂሩት አንድ ቀን ክሮይደን፣ ኢሚግሬሽን ቢሮ ድረስ ሄዳ ፎርም አመጣች፣ ለወንድሟ አፕላይ ልታደርግለት። እናቷ ፎርሙን ተቀበለቻትና ወዴት እንዳደረገችው አልታወቀም። «ገና ነው፣ ተዪው» አለች። ኂሩትም «ብዙነህ ራሱ አልመጣም ብሏታል» ብላ ያን ዕለት ቂም ያዘች።

ካርሜላ ጥቁር ለብሳ ኖራ ጥቁር ለብሳ ሞተች። በየዓመቱ ታኅሣሥ ክለርከንዌል፣ የጣልያኖቹ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ጧፍ ታበራለች። «ለአባትሽ ነው» ትላለች። አባትየው የሞተው በግንቦት ነበር፤ ኂሩት ግን እናቷን በቀን መቁጠሪያ አትሟገትም።

ዘውዴ ዘግይቶ ገባ። ኂሩት ገና በሩን ሳያልፍ ያዘችው።

«ለብዙነህ ቴሌግራሙን ልከሃል አልላክህም?»

«እህቴ፣ ዛሬ ይቅር።»

«መታመሟን ነግረኸዋል? መሞቷንስ?»

ዘውዴ ጫማውን አየ። በካርሜላ ቀብር ላይ ከኂሩት ብሶ ሲንሰቀሰቅ ነበር፤ ያን ጊዜም የአዞ እንባ ነው ብላው ነበር።

«አሃ! ወይ አንተ አላደረስክም፣ ወይ እሱ ካድሬ ሆኗል!»

«በብዙነህ እንዲህ አትበዪ!» ዘውዴ ከዚያ በፊት ሲጮኽ ያየው ሰው የለም።

«እላለሁ! ሰባት ዓመት 'እመጣለሁ፣ እመጣለሁ' እያለ አንጀቷን በላው። ሰው ሁሉ ይስማ፤ ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም!»

«ኧረ በስመ አብ! ምላስሽን ሰብስቢ!» አሉ አልታየሽ እያማተቡ። ዘውዴ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

ኂሩት በዚህ አላበቃችም። መኝታ ቤት ገብታ ቆርቆሮውን አመጣች፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ እሷ ያጠለቀችውን ቁልፍ ከአንገቷ አወለቀች። አርባ ቀን ሙሉ ልትከፍተው አቅቷት ነበር፤ ዛሬ ንዴቱ አቅም ሰጣት።

«ተዪው ኂሩት» አለ ዘውዴ። «የእናትሽ አደራ አለብኝ።»

«የአደራ በላ ወሬ አልሰማም! የመጨረሻው ደብዳቤ ለገና የላከው ነው። 'ከታመምሽ በእግሬም ቢሆን እመጣለሁ' ይላል፤ እሷ ስታነበው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ቃሉን እዚሁ ፊታችሁ አነብላችኋለሁ፣ ይፈርበት!»

ከላይ ያለውን ወረቀት መዘዘች። ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ ጉሮሮዋን ጠረገችና ወረቀቱን ከፈተች፤ አፏ ግን እንደተከፈተ ቀረ። አልታየሽ ተነሥተው በትከሻዋ በኩል አዩት።

«ውድ እማማ፣ ለቴናሽ እንደምን ነሽ? እኔ በታም ደህና ነኝ።»