የባከነ እርምጃ

በየቤቱ የሥራ አመራር አማካሪ እንዲመደብ ሕግ ከወጣ ወዲህ ወንበር ከቦታው ለማንሳት እንኳ የአማካሪ ፊርማ ያስፈልጋል። ወደ ትርሲት ቤት የተላከው አቤኔዘር የሚባል፣ ጫማው አቧራ የማያውቅ ወጣት ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ የዓይነ ስውር አባቷን የአቶ ደምሰውን እርምጃ ቆጠረ፤ ወዴትና ለምን እንደሚሄዱ ግን አንድም ጊዜ አልጠየቀም። በአራተኛው ቀን ወንበራቸውን ከበሩ አጠገብ አንስቶ ወደ መታጠቢያ ቤቱ አስጠጋውና ማኅተም ለጠፈበት። የታሸገ ዕቃ ያነቃነቀ ቤቱን ይነጠቃል።

«አባባ ቤቱን የሚያውቁት በእርምጃ ነው። እባክህ መልሰው» አለችው ትርሲት።

«በቀን መቶ አርባ እርምጃ ሲባክን ነበር እኮ፣ እህቴ። ጥናቱ ያሳያል።»

ልመናዋን «ለውጥን መቃወም» በሚለው ዓምድ ሥር መዘገበው።

በማግስቱ አቶ ደምሰው እንደ ልማዳቸው ፀሐይ ሊሞቁ ሲነሡ ከቁም ሣጥኑ ጋር ተላተሙ። ግንባራቸውን ስትጠርግላቸው «ቤት ቀየርን እንዴ፣ ልጄ?» አሏት። ከዚያ ወዲያ ካልደገፏቸው አይነሡም፤ ደጅ አውጪኝ ማለቱን ደግሞ ያፍሩታል።

በወሩ አቤኔዘር ተመልሶ መጣ። ከጠዋት እስከ ማታ አጠገባቸው ቆሞ ቆጠረና ፈገግ አለ።

«ዜሮ። እንዲህ ያለ ውጤት ያመጣ ቤት በክፍለ ከተማው የለም።»

አቶ ደምሰው ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ። «ትርሲት፣ ይሄ ልጅም እንደ እኔ አያይም እንዴ?»

«አያይም፣ አባባ። መቁጠር ብቻ ነው የሚችለው።»